ድምፁ ጠፋ፣ ልጁ ግን አልተመለሰም

በመርካቶ ዙሪያ ላደገ ሰው «አማኑኤል» የሚለው ስም ሰፈርም ነው፣ ሆስፒታልም ነው፣ ስድብም ነው። ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ ሲጣሉ «አንተ የአማኑኤል!» ይባባላሉ። የታክሲ ረዳት ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ «ይሄን ሰውዬ አማኑኤል አውርዱልኝ» ይላል፤ ታክሲውም ይስቃል። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላው አገሪቱ ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተለየ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። ይሁንና ታማሚ ልጁን ይዞ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሚወርድ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው የአማኑኤልን መንገድ ነው።

ከዚያ በር የሚወጡ ብዙ ወላጆች በእጃቸው ከአንድ በላይ መድኃኒት የተጻፈበት ማዘዣ ይይዛሉ። አንደኛውን ያውቁታል፤ ልጃቸው ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ እንዳይሰማ፣ ሰው ሁሉ ያሴርብኛል እንዳይል የሚሰጠው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ነው። ግራ የሚያጋባቸው ከሥሩ የተጻፈው ነው። መድኃኒት ቤት ሲደርሱ ባለሙያዋ «ይሄኛው የድብርት ነው» ትላቸዋለች። የድብርት? ልጄን የያዘው የአእምሮ ሕመም አይደለም እንዴ? ምርመራው ተሳስቶ ይሆን? ወይስ ሕመሙ ሁለት ሆነ? ደግሞስ በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ጭንቅላቱን አይጎዳውም?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የአእምሮ ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩባቸው ኖረዋል።

የሚመሰገነው ጸጥታ

አንድ ቤት እናስብ። ሸማ ተራ ሱቅ ያለው ቤተሰብ ነው እንበል። የበኩር ልጅ 24 ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ጎረቤት መርዝ ሊያበላኝ ነው አለ፤ እናቱ ያቀረቡለትን ምሳ እንኳ አሽትቶ መመለስ አመጣ። ጸበል ተሞከረ፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ተሄደ። አሁን በወር አንድ ጊዜ መርፌ ይወጋል፣ ማታ ማታ ክኒን ይውጣል። ድምፁ ጠፋ፤ ጥርጣሬውም ረገበ። እናት «ተመስገን፣ ጸጥ አለልኝ» አሉ።

ጸጥታው ግን እየረዘመ ሄደ። ልጁ እስከ ስድስት ሰዓት ከአልጋ አይወርድም። ሱቅ ና ሲሉት «ነገ» ይላል። ይወደው የነበረውን ኳስ አያይም። ጢሙ አድጓል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ ያን ሁሉ ጩኸት ያየ ቤት ዝምታን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? አንዳንዱ «ሰነፈ» ይላል፤ አንዳንዱ «መድኃኒቱ ነው ያፈዘዘው» ይላል። ልጁ ግን ተኝቶ የሚቆጥረው ነገር አለው። አብረውት የተማሩት ተመርቀዋል። አንዱ አግብቷል። ሱቁን ታናሽ ወንድሙ ይዞታል። እሱ ደግሞ ሲያልፍ ሰፈሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሕመሙ በርትቶ ሳለ ይህን ሁሉ አላየውም ነበር። የሻለው ቀን አየው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ በአሥረኛው እትሙ ከስኪዞፍሬኒያ በኋላ ለሚመጣ ድብርት ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶት ነበር። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ሐኪሞች በስኪዞፍሬኒያ ከሚታመሙ አራት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ላይ ሕክምና የሚያሻው ድብርት እንደሚታይ ይናገራሉ። እዚሁ አማኑኤል በክትትል ላይ ባሉ ታካሚዎች የተደረገ ጥናትም ከአምስት ሰዎች ወደ አንዱ በሚጠጋው ላይ የድብርት ምልክት አግኝቷል።

ነገሩን ቀላል እንዳናደርገው የሚያስገድድ ሌላ ቁጥርም አለ። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ክትትሎች ሲጠቃለሉ፣ በስኪዞፍሬኒያ ከሚታመሙ 100 ሰዎች 5 ያህሉ ሕይወታቸው የሚያልፈው ራሳቸውን በማጥፋት ነው። አደጋው የሚበረታው ደግሞ ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታትና ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ነው። ይህም ቤተሰብ «ዳነልኝ» ብሎ እፎይ የሚልበት ጊዜ ነው።

ቡታጅራ ምን አሳየችን?

ስለዚህ ሕመም ኢትዮጵያ የራሷ ማስረጃ አላት፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በእነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም የሚመሩ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ሆስፒታል የመጣውን ብቻ አልቆጠሩም፤ በየጎጆው ያለውን፣ በየጓዳው የተደበቀውን ፈለጉ። ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው በዕድሜው አንድ ጊዜ በስኪዞፍሬኒያ የታመመ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዚያ ቀን በፊት አንዲት የአእምሮ ሕመም ክኒን ቀምሰው አያውቁም ነበር።

የታመሙት ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የአሥር ዓመት ውጤት ልብ ይሰብራል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙዎቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራስን ማጥፋትና አደጋም ድርሻ አላቸው። ይህን ሳነብ የገረመኝ የሞቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ለታማሚው ሳንባ፣ ለታማሚው ትኩሳት የሚጨነቅ ሰው ማጣቱ ነው። «እሱ እኮ የአእምሮ ነው» ከተባለ በኋላ የሚያስለው ሳል እንኳ የአእምሮ ይሆንበታል።

በዚያው አካባቢ ቤተሰቦች ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በልጃቸው ወይም በዘመዳቸው ሕመም የተነሳ መገለል እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። መርካቶ ቡታጅራ አይደለችም፤ ግን ሰርግ ሲመጣ «ያ ልጅ እንዳይታይ» የሚባልበት ቤት ለማግኘት ከአዲስ ከተማ መውጣት አያስፈልግም።

አራት መልክ ያለው ፊት

ወደ ልጃችን እንመለስ። ተኝቷል፣ አያወራም፣ ፊቱ አይፈታም። ይህ ድብርት ነው ብሎ ወዲያው የፀረ ድብርት ክኒን መጨመር ትክክል ነው? አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ አይደለም። አንድ ዓይነት ፊት ቢያንስ ከአራት ቦታ ሊመጣ ይችላልና። እዚህ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ አብሮ የሚኖር ሰው የበለጠ ያያል። ሐኪሙ ልጅዎን በቀጠሮ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያገኘው፤ እርስዎ ሌሊቱንም ያውቁታል።

አንደኛው ራሱ ስኪዞፍሬኒያው ነው። ሕመሙ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ድምፅ፣ ጥርጣሬ፣ የተዘባረቀ ንግግር። የሚቀንሰውም አለ፤ ፍላጎትን፣ ንግግርን፣ የፊትን ስሜት ይወስዳል። እንዲህ የሆነ ሰው «ከፋህ ወይ?» ቢሉት ብዙ ጊዜ «አይ» ነው መልሱ፤ እውነቱንም ነው። ባዶ ነው እንጂ አላዘነም።

ድብርት የያዘው ግን ውስጡ ይናገራል፤ ጠያቂ ካገኘ ማለቴ ነው። «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ»፣ «እኔ ባልፈጠር ይሻል ነበር»፣ «የእኔ ነገር አብቅቷል» ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ነቅቶ ጣራ ያያል። ጠዋት ጠዋት ይከፋዋል፣ ወደ ማታ ትንሽ ይቀለዋል። እህል አይጥመውም። ባላጠፋው ጥፋት ራሱን ይከስሳል። በስኪዞፍሬኒያ ላይ የሚመጣን ድብርት ለመለየት በካናዳ ካልጋሪ ከተማ የተዘጋጀ፣ በኛም አገር ጥናት ላይ የዋለ ዘጠኝ ነጥብ ያለው መጠይቅ አለ። ከሚመለከታቸው ነገሮች መካከል እነዚሁ ተስፋ መቁረጥ፣ ጥፋተኝነት፣ የጠዋት ክፋትና ያለ ጊዜው መንቃት ይገኙበታል። የፊት መገርጣትና ዝምታ ብቻ አልበቃቸውም።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው። ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉፌናዚን የሚባለው ወርሃዊ መርፌና መሰሎቻቸው በአንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ ያደርቃሉ። ሲራመድ እጁ አይወዛወዝም፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ፊቱ እንደ ጭምብል ይሆናል። ይህን ያየ ሁሉ «አዝኗል» ይላል። ሌላው ደግሞ የእግር እረፍት ማጣት ነው፤ ይቀመጣል ይነሳል፣ ሳሎኑን ሲመላለስበት ይውላል፣ «ውስጤ ተቃጠለ» ይላል። ይህ መረበሽ በጣም ያስጨንቃል፤ አንዳንዱን ሰው ሞትን እስከማስመኘት ያደርሰዋል። እዚህ ላይ የፀረ ድብርት ክኒን መጨመር መፍትሔ አይደለም። የዋናውን መድኃኒት መጠን ማስተካከል ወይም መቀየር ነው የሚያስፈልገው፤ ያንን የሚያደርገው ሐኪሙ ነው፣ ጎረቤት አይደለም።

አራተኛው የሚያገረሽ ሕመም መግቢያ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ሊነሳበት ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ ይከፋዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ከሰው ይርቃል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መርፌው ቀርቶ እንደሆነ፣ ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ ይጥለው እንደሆነ ማጣራት የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ግን እንደ ፖሊስ ሳይሆን።

በመርካቶ ላይ አንድ አምስተኛ ልጨምር። ጫት። ቅሞ ያመሸ ሰው በማግሥቱ የሚይዘው መንፈስ መውረድ ከድብርት ጋር ይመሳሰላል፤ ጫቱ ራሱም ድምፁንና ጥርጣሬውን ሊቀሰቅስ ይችላል። «ሥራ እንዲሠራ ትንሽ ይቃም» የሚል አጎት በየቤቱ አይጠፋም። ለሌላው ሰው ስለ ጫት የፈለገውን ይበል፤ ለዚህ ልጅ ግን እሳት ላይ ቤንዚን ነው። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የሳንባ ነቀርሳም ሰውን አድክመው ሊያስተኙት ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ደም ቢያዝዝ ገንዘብ ሊያስወጣን ነው አይበሉ።

ለአንዱ የተፈለገው ለሌላው ሆነ

የፀረ ድብርት መድኃኒት ታሪክ ራሱ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮላንድ ኩን የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ጋይጊ ከተባለው ኩባንያ አንድ አዲስ ውህድ ተላከለት። የተላከለት ለስኪዞፍሬኒያ እንዲሞክረው ነበር። በፈረንሳይ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ተአምር ሠራ ተብሎ ስለነበር ሌላውም ወንድሙን ይፈልግ ነበር። ውህዱ ለስኪዞፍሬኒያ አልሠራም፤ አንዳንዶቹን ታካሚዎች እንዲያውም አስነሳቸው። ኩን ግን በድብርት የተያዙ ሰዎች ላይ ሲሞክረው ፊታቸው ተፈታ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1957 ዙሪክ በተደረገ ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረው አድማጭ በጣት የሚቆጠር ነበር። ኢሚፕራሚን እንዲህ ተወለደ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ያለው አሚትሪፕቲሊን የዚያው ቤተሰብ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ያ ሆስፒታል ሕሙማኑን ሳያስፈቅድ ይሞክርባቸው እንደነበር ከዓመታት በኋላ በይፋ ተጣርቷል። ታሪኩ ሁሉም ንጹሕ አይደለም።)

«አንዳንዶቹን አስነሳቸው» የምትለው ትዝብት ግን ሐኪሞችን ለአሥርት ዓመታት አስፈራቻቸው። ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ሰው የፀረ ድብርት መድኃኒት መስጠት የተዳፈነ ፍም መቆስቆስ ነው ተባለ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በተለይ ዋናው መድኃኒት ሳይኖር ለብቻው ከተሰጠ።

ኋላ ላይ የመጣው ማስረጃ ግን ፍርሃቱን አቅልሎታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና 3,608 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 82 ሙከራዎች አንድ ላይ አይቷል። በዋናው መድኃኒት ላይ የፀረ ድብርት መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች ድብርታቸው ካልተጨመረላቸው ይልቅ ቀለል ብሏል፤ የፍላጎት ማጣቱም እንዲሁ ትንሽ ተሻሽሏል። ስኪዞፍሬኒያው የባሰበት ሰው ቁጥር ግን አልጨመረም። የሆድ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ማዞርና የአፍ መድረቅ በዝተዋል። ልብ ይበሉ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ተአምር የሚጠብቅ ቤተሰብ ያዝናል፣ ትንሽ ለውጥ የሚጠብቅ ግን ያገኘዋል።

ሌሎች ሁለት ጥናቶች ደግሞ በብዙ ሰዎች የሕክምና መዝገብ ላይ የተሠሩ ናቸው። በፊንላንድ 2,588 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን የተከታተለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደታተመው፣ የፀረ ድብርት መድኃኒት በሚወስዱት ላይ የሞት መጨመር አላገኘም፤ ራስን ማጥፋትም በእነሱ ላይ በጣም አነስተኛ ነበር። በአሜሪካ ከ81 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያየውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ደግሞ፣ የፀረ ድብርት መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች ሁለተኛ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ከተደረበላቸው ይልቅ ሆስፒታል የመግባታቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የመዝገብ ጥናት ምክንያትንና ውጤትን ጥርት አድርጎ አያሳይም። ሆኖም ሁለቱም ጥናቶች ያስጠነቀቁት ሌላ መድኃኒት አለ፤ ዳያዜፓምን የመሳሰሉት የማስተኛና የማረጋጊያ ክኒኖች። እነሱን የሚወስዱ ሕሙማን ውጤታቸው የከፋ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ የሚፈራው የድብርቱ ክኒን ነው፤ ዳያዜፓሙ «ለእንቅልፍ ብቻ ነው» ተብሎ ከጎረቤት ይለመናል።

አንድ በር፣ ሁለት ተሸካሚ

በኛ አገር ለድብርት በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ናቸው። አንዱ ከሌላው የሚመረጠው ልጁ ሌላ ምን እንደሚወስድ ታይቶ ነው።

የመርካቶ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በጠባቧ የሸማ ተራ መተላለፊያ ሁለት ተሸካሚዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላውም ዕቃው ይከማቻል። ጉበታችንም እንዲሁ ነው። ፍሉኦክሰቲን ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን በሚወጡበት በር ላይ ይቆማል። ያኔ የሃሎፔሪዶሉ መጠን ሳይጨመር በደም ውስጥ ያለው ከፍ ይላል፤ ልጁ ይደርቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ቤተሰብ «አዲሱ ክኒን ጎዳው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የአዲሱ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ መገፋፋት ነው። ሐኪሙ ይህን አስቦ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሰርትራሊንን ሊመርጥ ይችላል። ክሎዛፒን የሚወስድ ታካሚ ደግሞ ፍሉቮክሳሚን የሚባል የድብርት መድኃኒት ከውጭ ዘመድ ቢላክለት ለሐኪሙ ሳያሳይ አይጀምር፤ ክሎዛፒኑን በደሙ ውስጥ በብዙ እጥፍ ሊያንረው ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ለራስ ምታትም ለእንቅልፍም ይሰጣል። ስለዚህ አያት ለነርቭ የታዘዘላቸውን ለልጅ ልጃቸው የሚያካፍሉበት አጋጣሚ አይጠፋም። ከክሎርፕሮማዚን ጋር ሲደመር ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ሁለቱም አፍና ሆድ ያደርቃሉ፣ ሁለቱም ሲነሱ ያዞራሉ፣ የልብ ምትንም ሊያዛቡ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ስለዚህ የወር ክኒን በአንድ ጊዜ ለልጁ አይሰጥም። ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉን አንድ ሰው ይይዛል፣ የዕለቱን በዕለቱ ይሰጣል። ልጁ ይህን እንደ ንቀት እንዳያየው አስቀድሞ ይነገረው፤ «ለሁላችንም መድኃኒት እንዲህ ነው የምናደርገው» ብሎ የአያትን የደም ግፊት ክኒንም እዚያው ሳጥን ውስጥ መጨመር ጥሩ ዘዴ ነው።

የድብርት ክኒን ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን የሚቀድመው እሱ ነው፤ ማቅለሽለሹ፣ አፍ መድረቁ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ። ወጣቶች ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መረበሽ ወይም የሞት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ያን ሰሞን ዓይን ከልጁ ላይ አይነሳ። እንቅልፍ አልባ ሆኖ መፍጠን፣ ያለ ልክ መደሰት፣ ገንዘብ መበተን ከመጣ ወዲያው ለሐኪም ይነገር፤ ሕመሙ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ሲሻለውም በአንድ ቀን አይቆምም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ጸበሉና ክኒኑ

ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤተሰብ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ሌላ ደጅ ይረግጣል። ክርስቲያኑ ወደ እንጦጦ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሄዳል፤ ሙስሊሙ ሩቅያ ያስቀራል፣ ዱዓ ያስደርጋል። ይህን የሚነቅፍ ሐኪም ቤተሰቡን ያጣል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ተረድተዋል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት አብረው የሠሩበት ክሊኒክ ተከፍቶ፣ ታማሚው ጸበሉንም እየተጠመቀ መድኃኒቱንም እየወሰደ የሚታከምበት መንገድ ተሞክሯል፤ ልምዱም በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

አስቸጋሪው «መድኃኒቱን ካልተውክ ጸበሉ አይሠራም» የሚባልበት ቦታ ነው። ወርሃዊው መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ያቆመ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ቤተሰብም «አየህ፣ ያለ መድኃኒት ዳነ» ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ሲያገረሽ ደግሞ ከማቆሙ ጋር የሚያያይዘው የለም። ጾምም አለ። በረመዳን ወይም በዓቢይ ጾም የክኒኑ ሰዓት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሳይጠይቁ መተው ግን አይሆንም።

«ሞት ታስባለህ?»

ወላጅ የሚፈራው ጥያቄ ይህ ነው። ብጠይቀው ሐሳቡን እሰጠዋለሁ ይላል። ጥናቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፣ እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም። ቡና ሲፈላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ «ልጄ፣ አንዳንዴ መኖር ይሰለችሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት በቂ ነው። «አዎ» ካለ አይቆጡት፣ «ኃጢአት ነው» ብለው አይጀምሩ። ማሰቡን ብቻ ነው ወይስ እንዴት እንደሚያደርገው ወስኗል? እሱን ይጠይቁ። ወስኖ ከሆነ ወይም የሚሰማው ድምፅ «ራስህን ግደል» የሚለው ከሆነ ብቻውን አይተውት፤ መድኃኒቱን፣ ስለቱን፣ መርዙን ከአጠገቡ ያርቁና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ራስን የማጥፋት አደጋ ሲበረታ ክሎዛፒን የሚባለው መድኃኒት ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚከላከል ታውቋል፤ ደም በየጊዜው መመርመር ስለሚጠይቅ የሚሰጠው በሐኪም ክትትል ነው።

ክኒን ሱቅ አይከፍትም፣ ጓደኛም አይጠራም። ልጁ ወደ ሱቅ ሲመለስ ገንዘብ ተቀባይ አድርጎ መጀመር ያስጨንቀዋል፤ ጥቅል ማሰር፣ ዕቃ መደርደር፣ በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሶዶ ወረዳ በተደረገ ሙከራ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር ሲያገናኟቸው አቅማቸው ተሻሽሏል። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቤት ድረስ የሚመጣለት ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ሥራው የወላጅና የአያት ሆኖ ቀርቷል። ማስታመም ራሱ የሚያስታምመውን ያደክማል። እንቅልፍ ያጡ፣ ልቅሶ የማያቆሙ እናት ካሉ እሳቸውም ሐኪም ይዩ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሰው ክኒን ቢወስድ ነውር የለውም።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ተራ ደብተር ይግዙ። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ምን በላ፣ ምን አለ፣ ክኒኑን ዋጠ አልዋጠ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ አልተንቀጠቀጠ፤ ጫትና አረቄ ካለ እሱም ይጻፍ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የራስ ምታቱንና የጨጓራውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ልጁን «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ደብተሩን ያውጡ። የፀረ ድብርት መድኃኒት ከታዘዘለት በኋላ ስድስት ሳምንት ካለፈና ምንም ለውጥ ከሌለ ዝም ብለው ማዘዣ አያሳድሱ፤ መጠኑ ይስተካከል፣ ይቀየር ወይስ ይቁም ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ከቀጠሮው በፊት አንድ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ ቀኑን አይጠብቁ፤ የአማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለው።